የበረዶ ፋብሪካው ባሮን

አባቴ ባሮን መሆኑን የሰማው አንድ ረፋድ ላይ፣ የበረዶ ፋብሪካው ሞተር ሥር በጀርባው ተኝቶ ብሎን ሲያጠብቅ ነው። ወሬውን ይዞ ከኤደን የመጣው ወጣት እንግሊዛዊ ጠበቃ ፋብሪካው በር ላይ በላብ ተነክሮ ቆመና በተሰባበረ ዓረብኛ "ሎርዱን ፈልጌ ነበር" አለ። ሠራተኞቹ ግራ ተጋቡ። እዚያ ግቢ ሎርድ የሚባል ሰው አያውቁም። ፈረንጅ የሆነው አባቴ ብቻ ስለነበር ወደ እሱ መሩት። እኔ አልነበርኩም፤ ግን ሠራተኞቹ ደጋግመው ስለነገሩኝ ያየሁት ያህል ነው። ጠበቃው ጎንበስ ብሎ ከሞተሩ ሥር ብቅ ላሉት ሁለት እግሮች የወንድምን ሞት አረዳ። እግሮቹ ለብዙ ጊዜ ሳይንቀሳቀሱ ቆዩ። በኋላ አባቴ ወጥቶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ "ሲሞት አጠገቡ ሰው ነበር?" ብሎ ጠየቀ። ጠበቃው አላወቀም።

ያን ጊዜ እኔ ስልክ ቤት እሠራ ነበር። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ባቡር ጣቢያ፣ ሎኮሞቲቭ የሚጠገንበት ክፍል ተቀጥሮ ሙያ እየለመደ ነበር። ለአባትና ለእናታችን ሁለት ብቻ ነን።

አባቴ ድሬዳዋ የገባው ጣልያንን ካስወጣው የእንግሊዝ ጦር ጋር ነው፤ የጭነት መኪና መካኒክ ነበር። ጦሩ ሲወጣ እሱ ቀረ። ለምን እንደቀረ ሲጠይቁት "ሙቀቱ ተስማማኝ" ይላል፤ በእናቴ ምክንያት መቅረቱን የማያውቅ ግን ሰፈራችን መጋላ ውስጥ አልነበረም። እናቴ ሶማሌ ናት፤ ቀፊራ ገበያ ጨርቅ ትሸጥ ነበር። አባቴ ሊጠይቃት ሲሄድ ተቀብሎ ያነጋገረው ታላቅ ወንድሟ ነው። ከጅቡቲ ዕቃ የሚያመላልስ፣ ሆዱ ትልቅ፣ ድምፁም ትልቅ የሆነ ሰው። እኛ አብቲ እንለዋለን፤ በሶማሊኛ የእናት ወንድም ማለት ነው።

አብቲ ስለ ሥራው አልጠየቀውም፤ ስለ ሃይማኖቱም የጠየቀው በኋላ ነው። መጀመሪያ ያለው "አባቶችህን ቁጠር" ነው። የሶማሌ ልጅ አፉን ከፈታ ጀምሮ የአባቱን፣ የአያቱን፣ የቅድመ አያቱን ስም እስከ ጎሳው መነሻ ድረስ በቃሉ ይይዛል። መቁጠር የማይችል ሰው ከየት እንደመጣ አይታወቅም። አባቴ ጥያቄውን ሲሰማ ሳቀ። በልጅነቱ እያስለቀሱ ያስጠኑት ነገር አንድ ቀን ሚስት ለማግኘት ይጠቅመኛል ብሎ አላሰበም ነበር። መቁጠር ጀመረ፤ አምስተኛው ላይ ሲደርስ አለቀበት።

"ከዚህ በላይስ?" አለው አብቲ።

"ይሄኛው ሥጋ ነጋዴ ነው። ከሱ በላይ ያለውን ያስታወሰ የለም።"

አብቲ ከልቡ አዘነለት። "አጭር ነው" አለ። "ግድ የለም አቦ፤ ከእኛ ጋር ታስረዝመዋለህ።"

አባቴ ሰለመ፤ ኒካሁም በቃዲ ፊት ታሰረ።

የሥጋ ነጋዴውን ታሪክ እኔና ወንድሜ የሰማነው ቀትር ላይ ነው፤ ድሬዳዋ በሯን ዘግታ በምትተኛበት ሰዓት። አባቴ ቀን መተኛት ፈጽሞ አልለመደም፤ እኛን ጥላ ሥር አስቀምጦ ያጫውተናል። ያ የመጀመሪያው ሰው በጨው የታሸ ሥጋ በበርሜል እያደረገ ለእንግሊዝ ንጉሥ መርከቦች ያቀርብ ነበር። ጦርነቱ ሲራዘም ሥጋውም በዛ፤ መርከበኞቹ ሳይራቡ ስለተመለሱ ንጉሡ ባሮን ብለው ሾሙት። ስሙንም በተወለደባት ረግረጋማ መንደር አስጠሩለት። ልጁ፣ ሁለተኛው ባሮን፣ የሥጋው ነገር እንዲረሳ ፈልጎ ትልቅ የድንጋይ ቤት ሠራ፤ እንግዳ ሲመጣ ጨው ያለበት ሥጋ ገበታ ላይ እንዳይቀርብ ከለከለ ይባላል።

ባለቤቱን ሎርድ የሚያሰኘው ይህ ማዕረግ እንደ እኛ አገር ሹመት አይደለም። እኛ ዘንድ ደጃዝማች ሲሞት ደጃዝማችነቱም ያበቃል፤ ልጁ ንጉሡ ካልሾሙት ደጃዝማች አይሆንም። እነሱ ዘንድ ግን ሰውየው ሲሞት ማዕረጉ ራሱ ተነሥቶ ወደ በኩር ወንድ ልጁ ይሄዳል። ወንድ ልጅ ከሌለ ወደ ወንድም፣ ወንድም ከሌለ ወደ ወንድም ልጅ። ሴት ዘንድ አያርፍም። ሦስተኛው ባሮን የወለዳቸው ሴቶች ብቻ ነበሩ። እሱ ሲሞት ማዕረጉም ቤቱም ከባሕር ማዶ ለመጣ የወንድሙ ልጅ ተላለፈ፤ እሱ አራተኛው ነው፣ የአባቴ አያት። በሕንድ ባሕር ሲዞር ወባ ይዞት የተመለሰ፣ በበጋም ካፖርት የሚለብስ ሰው ነበር አሉ።

"ልጆቹስ? ሴቶቹ የት ሄዱ?" ብዬ ጠየቅኩት አንድ ቀን።

አባቴ አሰበ። "ከቤቱ ወጡ" አለ። "የት እንደሄዱ አልነገሩንም። እኔም ጠይቄ አላውቅም።" ወደ እኔ ዞሮም፣ "አንቺ ግን ጠየቅሽ" አለኝ።

አምስተኛው የራሱ አባት ነው፤ ስለ እሱ ብዙ አያወራም። መሬቱን እየቆረሰ የሸጠ፣ ልጆቹን በስም ሳይሆን "አንተ ትልቁ"፣ "አንተ ትንሹ" እያለ የሚጠራ ሰው ነበር። ስድስተኛው ታላቅ ወንድሙ ነው። ያ ትልቅ ቤት ተሸጦ የሴቶች ልጆች አዳሪ ትምህርት ቤት ሲሆን፣ ወንድሙ የበር ጠባቂው ጎጆ ውስጥ ብቻውን እየኖረ አረጀ። ሚስት አላገባም። ማዕረጉን ያመጣው የዚህ ሰው ሞት ነው።

ወሬው ቀን ሳይሞላው ከከዚራ እስከ መጋላ ተሰማ። ጎረቤታችን ጡረታ የወጣ የጎንደር ሰው፣ የድሮ ሻለቃ፣ በረዶ ሊገዛ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ድሬዳዋ አንቱታ አታውቅም፤ ትልቁም ትንሹም "አንተ" ነው። ሻለቃው ግን በባላገር ወግ ያደገ ነበርና ጨነቀው።

"ስማ፣ ንግሥቲቱ ጠርተው ሳይሾሙህ እንዴት ነው የተሾምከው?"

"ወንድሜ ሞቶ ነው" አለው አባቴ።

"ነፍስ ይማር። እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ አንቱ ልበልህ ወይ?"

"አንቱ ካልከኝ በረዶ የለም።"

ሻለቃው እፎይ ብሎ በረዶውን በጆንያ ጠቅልሎ ሄደ።

ጠበቃው ወደ ቤታችን የመጣው በማግሥቱ ነው። ቅን ልጅ ነበር፤ የተላከበትን ነገር መናገር እንደከበደው ከፊቱ ይታወቃል። እናቴ የቀዘቀዘ የሎሚ ጭማቂ አቀረበችለት። እሷ እንግሊዝኛ አታውቅም፤ አባቴ ሊያስተረጉም ሲል ከለከለችው።

"አንተ ባለጉዳይ ነህ" አለችው። "ልጄ ታስተርጉም።"

ስለዚህ እኔ በመሃላቸው ተቀመጥኩ፤ አብቲ ጥግ ይዟል፣ ወንድሜም በሩ አጠገብ ቆሟል። ጠበቃው የአባቴ ባሮንነት የሚያጠራጥር እንዳልሆነ ተናገረ። የሚያጠራጥረው ከሱ በኋላ ያለው ነው። የለንደን ጠበቆች የመጋላውን ኒካሕ ጋብቻ ብለው ይቀበሉት አይቀበሉት አይታወቅም። ካልተቀበሉት ወንድሜ ወራሽ አይሆንም፤ ማዕረጉ ወደ አባቴ ያጎት ልጅ ይሄዳል። ስለዚህ አንድ ሐሳብ አለ፦ ሁለታችሁ ቆንስል ፊት ቀርባችሁ እንደገና ብትጋቡ፣ ከዚያ በኋላ የሚወለደው ወንድ ልጅ ያለ ክርክር ይወርሳል።

ቃል በቃል ተረጎምኩላት።

እናቴ ሻሿን አስተካከለች። "ከዚያ በኋላ የሚወለደው? ይሄ ልጅ ዕድሜዬን አላየም?"

አብቲ ከጥግ ሆኖ በሳቅ ፈነዳ። እናቴ ግን አልሳቀችም።

"በይው፦ እኔ አንድ ጊዜ ተድሬያለሁ። ዛሬ ከተዳርኩ ያንጊዜው ምን ነበር ሊባል ነው? እዚያ የቆመው ልጄስ የማን ሊባል ነው?"

ጠበቃው ትርጉሙን ሳልጨርስ ገብቶታል። ቀላ። "እመቤቴ፣ ይህን የምለው እኔ አይደለሁም፤ እንድጠይቅ ተልኬ ነው" አለ።

"አውቃለሁ" አለች። "ሎሚህን ጠጣ።"

እሱ ከወጣ በኋላ ነው ቤታችን የታመሰው። አባቴ ነገሩ በዚህ ይቅር አለ፤ ማዕረጉ ከሱ ጋር ቢቀበር ደንታም እንደሌለው ተናገረ። ወንድሜ ያን ጊዜ ተነሣ። አባቱ ፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

"አንተ ይቅር ማለት ትችላለህ፤ ኖሮህ ነው የተውከው። እኔ መቼ አየሁት? ሰፈር ውስጥ ፈረንጅ ይሉኛል፤ ጣቢያ ፈረንጆቹ ሶማሌ ይሉኛል። አንድ ጊዜ እንኳ የአባቴ ልጅ መሆኔን የሚናገር ነገር ቢኖረኝ ምን አለበት?"

አባቴ ልጁ እንደዚያ እየተሰማው እንዳደገ አያውቅም ነበር፤ እኔም ብሆን አላውቅም። ወንድሜ ቁና ቁና እየተነፈሰ ቆሞ ሳለ እናቴ ክንዱን ይዛ አስቀመጠችው።

"ይመስከር" አለች። "እንደገና አልዳርም። ግን ኒካሁን ያዩ ሰዎች አሉ፤ ይምጡና ይናገሩ። ለማዕረጉ አይደለም። ለአንተና ለእኔ ነው።"

ቃዲው ሞተዋል። ከምስክሮቹ አንዱ አብቲ ራሱ ነው፤ ሌላው ድሮ ከአብቲ ጋር ግመል ይነዳ የነበረ፣ በኋላ ሐርላ መንደር ገብቶ ማሽላ የሚያርስ ሽማግሌ ነው። አብቲ በጭነት መኪናው ሄዶ አመጣው። ሽማግሌው ጋቢናው ውስጥ በክብር ተቀምጦ፣ ዱላውን በመስኮት አውጥቶ መጣ። ጠበቃው ከብዙ ዓመት በፊት የሆነን ነገር እንዴት እንዳስታወሰው ጠየቀው።

"ሙሽራው መሬት ላይ መቀመጥ አያውቅም ነበር" አለ ሽማግሌው። "ሲቀመጥ ሱሪው ተቀደደ። ቃዲው ሳቃቸውን ለመያዝ ሲታገሉ ዱዓውን ሁለት ጊዜ ጀመሩት። ይሄ እንዴት ይረሳል?"

አባቴ እስከ ጆሮው ቀላ። እናቴ በሻሿ አፏን ሸፈነች፤ ወሬው ከመጣ ጀምሮ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው። ጠበቃው ሁሉንም ጽፎ ወደ ኤደን ተመለሰ።

ከዚያ ወዲያ ከለንደን የመጣ ወሬ የለም። ክረምቱ ገባ፤ ነገሩን ማንሣት ተውን። ከዚያ አንድ ከሰዓት፣ ከጅቡቲ በመጣው ባቡር አንድ ረጅም፣ ጎበጥ ያለ ፈረንጅ ወረደና ጣቢያው ላይ ወንድሜን ራሱን "ይህን ሰው ታውቀዋለህ?" ብሎ የአባቴን ስም ጠራለት። ያ ያጎት ልጅ ነበር። ኒካሁ ካልጸደቀ ማዕረጉ የሚደርሰው ሰው።

ወንድሜ ቅባት የነካው ቱታውን እንደለበሰ ወደ ቤት ይዞት መጣ። መንገድ ላይ አንድ ቃል እንዳልተናገሩ በኋላ ነገረኝ፤ ወንድሜ ማንነቱን አልነገረውም፤ ሰውየውም አልጠየቀውም። እቤት ሲገቡ ግን እንግዳው አባቴንና ወንድሜን ጎን ለጎን አየና ኮፍያውን አወለቀ። አገጫቸው አንድ ነው።

ለአንድ ሰዓት ያህል ሊቀመጥና ወደ ሆቴል ሊሄድ ነበር ያሰበው። ነገር ግን ተራራው ላይ ሲዘንብ ውሎ ኖሮ፣ ሻሂ እየጠጣን ሳለ የደቻቱ ወንዝ ጩኸት ተሰማ። አሸዋ የነበረው ወንዝ ዛፍና ድንጋይ እያንከባለለ ሲወርድ ከደጃችን ይሰማል። ድልድዩን ፖሊስ ዘጋው፤ እኛ መጋላ፣ ሆቴሉ ከወንዙ ማዶ ከዚራ። እንግዳው እኛው ጋ አደረ፤ በማግሥቱም ዋለ፤ እንደገና አደረ።

ገጠር ትምህርት ቤት ልጆችን ፒያኖ የሚያስተምር፣ ብቻውን የሚኖር ሰው ነበር። በእጁ መብላት ሲያቅተው እናቴ ማንኪያ አላቀረበችለትም፤ ጎኑ ተቀምጣ አሳየችው። አብቲ አባቶቹን እንዲቆጥር ጠየቀው፤ ሰውየው ከአባቴ ጋር እኩል ስለቆጠረ አብቲ በሁለቱም ላይ አዘነ።

በሁለተኛው ቀን ማለዳ፣ እናቴ ጨርቆቿን ስታጣጥፍ፣ አጠገቧ መጥቶ ቆመና እንዳስተረጉምለት ጠየቀኝ።

"ይቅርታ ልጠይቃት ነው የመጣሁት" አለ። "የእሱ ሚስት አይደለችም የሚል ወረቀት ላይ እንድፈርም ጠበቆቼ ጠይቀውኛል።"

ተረጎምኩ። እናቴ ማጣጠፏን አላቋረጠችም።

"ፈረምክ?"

"አልፈረምኩም። በዓይኔ ሳላያችሁ አልፈርምም አልኳቸው።"

"አሁንስ አየኸን?"

"አየኋችሁ።"

"በል እንግዲያው ቁርስ ቀርቧል።"

ከዚህ ሌላ ስለ ጉዳዩ የተናገሩት የለም። ውሃው ሲጎድል ወንድሜ ሻንጣውን ይዞ ጣቢያ ድረስ ሸኘው፤ በዚህኛው ጉዞ ግን መንገዱን ሙሉ ሲያወሩ ሄዱ። ሰውየው አገሩ ገብቶ፣ ጋብቻው ጋብቻ መሆኑን እንደሚያምንና ምንም ጥያቄ እንደሌለው አሳወቀ። ተከራካሪ ሲጠፋ የሐርላው ሽማግሌ ምስክርነት በቂ ሆነ። አባቴ ሰባተኛው ባሮን፣ ወንድሜ ወራሹ፣ እናቴም ሌዲ ተብለው ተመዘገቡ።

ኑሯችን አልተለወጠም። አባቴ እንደወትሮው ጎህ ሲቀድ ወደ በረዶው ይሄዳል። ነገር ግን በዓመቱ አዲስ አበባ፣ እንግሊዝ ኤምባሲ የንግሥቲቱ ልደት ግብዣ ላይ አባቴና እናቴ ተጠሩ። አባቴ መሄድ አልፈለገም ነበር፤ እናቴ ናት "እንሂድ" ያለችው። እኔ ለማስተርጎም ተከተልኩ። አዲስ አበባ ስንወርድ እናቴ በብርድ እየተንቀጠቀጠች ስትሳደብ፣ አባቴ ኮቱን ደረበላት።

በግብዣው ቀን ከሁሉ የሚያምረውን፣ ብርማ ነጠብጣብ ያለበትን ስስ የሶማሌ ቀሚሷን ለበሰች፤ ሻሿን አሠረች። አትክልቱ ሥፍራ በር ላይ አንድ ሰው የሚገባውን እንግዳ ስም ጮክ ብሎ ይጠራል። የእሷን ሲጠራ ሰዉ ዞረ። እናቴ ወደ እኔ ዘንበል ብላ፣ "ምን አለኝ?" አለች።

"የአባባን ሚስት ጠራ።"

"እሺ" አለችና ቀጥ ብላ ገባች።

ቆመው የሚያወሩት የፈረንጅ ሴቶች ምን ይሏት ይሆን፣ እሷስ ምን ትል ይሆን ብዬ ፈራሁ። አንዲት ሽበት ያላት ሴት መጥታ በእንግሊዝኛ ብዙ ከተናገረች በኋላ የቀሚሱን ጫፍ በሁለት ጣቶቿ ነካ አደረገችው። እናቴ ከዚያ ወዲያ የእኔን ትርጉም አልፈለገችም። ጨርቁን ገልብጣ የውስጥ ስፌቱን አሳየቻት፣ በክንዷ ለካችላት፣ ወርዱ ለሴትየዋ ቁመት እንደማይበቃና ሁለት ወርድ ጨርቅ እንደሚያስፈልጋት በእጅ ምልክት ነገረቻት። ሌሎች ሴቶችም ከበቡ። አባቴ ከዛፍ ሥር ሻሂውን ይዞ እያያት ቆሞ ነበር። ፊቱ ላይ ለነበረው ነገር ዛሬም ቃል አላገኝለትም። ወጣት ሆኖ ቀፊራ መጀመሪያ ያያት ዕለት እንደዚያ ይመስል ነበር ብዬ አስባለሁ።

አባቴ የሞተው ከዚያ ከጥቂት ዓመት በኋላ ነው። ደረቱን አመመኝ ብሎ ከፋብሪካው ቀድሞ መጣ፤ ቤት ገብቶ ተኛ፤ እናቴ እጁን እንደያዘች አረፈ። አብቲ ገላውን ካጠቡት አንዱ ነበር፤ ያ ትልቅ ድምፁ ያን ቀን አልተሰማም። የቀብሩ ዕለት ፋብሪካው ተዘጋ፤ ድሬዳዋ ያለ በረዶ ዋለች፤ ማንም አላጉረመረመም።

ወንድሜ ስምንተኛው ሆነ። ያን ጊዜ ባቡር ነጂ ነበር፤ አግብቷል። ፈቃድ ወስዶ እንግሊዝ አገር ሄደ፤ ያ የፒያኖ አስተማሪ ተቀብሎ አስተናገደው። ትልቁን ቤት ከውጭ አሳየው፤ ሴቶቹ ልጆች ግቢው ውስጥ ኳስ ይጫወቱ ነበር። ሎርዶቹ የሚሰበሰቡበትን ምክር ቤትም ከላይ፣ ከተመልካች ወንበር ሆኖ አየ። ወር ቆይቶ ሲመለስ የጣቢያ ጓደኞቹ ከበቡት።

"አቦ ንገረና! ሎርዶቹ ምን ይመስላሉ?"

"ሽማግሌዎች ናቸው" አለ። "አንዱ ሲናገር ሌሎቹ ይተኛሉ። አጎቴ፣ ያ አስተማሪው፣ አጠገቤ ሆኖ የእያንዳንዱን አባት ይነግረኝ ነበር።"

"ለምን እዚያው አልቀረህም ታዲያ?"

ወንድሜ ትከሻውን ነቀነቀ። "ሄጄ አየሁት እኮ" አለ። በማግሥቱ የጅቡቲን ባቡር ይዞ ወጣ።